ለለቅሶ የሚሰጥ ቪዛ

ትናንት ከክፍል የቀረሁት ታምሜ አይደለም። ዛሬ እናንተ የክፍል ጓደኞቼ ስትጠይቁኝ ዝም ያልኩት... በአፍ ልናገረው ስጀምር እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው። በጽሑፍ ይሻለኛል።

እማዬን ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሰሜን ኮሪያ ለመግባት ቪዛ ጠይቃ፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ የተቀበረው እዚያ ነው። መስኖ ሊማር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሄደ፣ ታሞ በዚያው ቀረ። መርዶው ሲመጣ ሬሳው አልመጣም። ድንኳን ውስጥ ፎቶውንና ኮቱን አስቀምጠን አለቀስን። እማዬ ግን እስከ ዛሬ አላመነችም። ጠዋት ጠዋት የናዝሬትን አቧራ ከፎቶው ላይ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ፣ ፊቱን የምታጥበው ነው የሚመስለው። «መቃብሩን በእጄ ሳልነካ ልጄ ሞቷል አልልም» ትላለች።

ታዲያ ያ አገር ዝም ብሎ የሚገባበት አይደለም። ያስረዱን የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጓድ አልማዝ ናቸው።

«መጀመሪያ ከዚህ መውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። ተያዥ ያስፈልጋል። ከዚያ ወገን ደግሞ ግብዣ። በግል መግባት የሚባል ነገር የለም፤ ከልዑካን ጋር ብቻ ነው።»

«ልጄን ላለቅስ ነው ብላቸውስ?» አለች እማዬ።

«እትዬ ብርቄ... ለለቅሶ የሚሰጥ ቪዛ የለም!»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ራሳቸውም ለወዳጅነት ጉብኝት በሚሄዱበት የሴቶች ልዑክ ውስጥ ስሟን ያስገቡላት እሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቋት፤ እዚያ አገር የራሷ ጉዳይ እንዳላት ትንፍሽ እንዳትል። ተያዥ የሆኑላት ጎረቤታችን ባለጋሪው አቶ ገመዳ ናቸው። «ብርቄ፣ አንቺ ብትቀሪ የምታሰረው እኔ ነኝ፤ ፈረሴን ማን ያበላልኛል?» ብለው ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቋት።

ለቪዛው ፎቶ ጥቁሯን አውልቃ የጎረቤት አበባ አበባ ቀሚስ ለበሰች። ፎቶ አንሺው ምኑንም ሳያውቅ «ፈገግ ይበሉ እንጂ፣ እናቴ!» አላት። ሞከረች... ፎቶው ሲታጠብ አይቼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠያቂውን እየሆንኩ አለማምዳት ነበር።

«በአገራችን ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?»

«ለወዳጅነት።»

ጎበዝ ተማሪ ሆነች። ብቻ «የለኝም» ባለች ቁጥር ዓይኗ ወደ ፎቶው ይሄዳል። እኔም ስታጠና ካርታዬን ዘርግቼ መንገዱን በጣቴ እከተላለሁ። ባሕሩ ጋ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። እሷ ስትመለስ ምን ምን እንደምጠይቃት አስባለሁ... ዛፍ አለው ወይ? ከጎኑ ማን አለ? ስሙን በምን ፊደል ጻፉለት?

ትናንት ጠያቂው ከዚያ አገር የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። አስተርጓሚው የኛ አገር ልጅ ነው። ጓድ አልማዝ ከእማዬ ጎን፣ እኔ በሩ ጋ ተቀመጥን። ጥያቄው ልክ እንዳጠናነው መጣ።

«እናቴ፣ በአገራችን ዘመድ አለዎት ወይ ይላሉ።»

እማዬ አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አለኝ» አለች። «ልጄ አለ።»

ጓድ አልማዝ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። አስተርጓሚው አልተረጎመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እናቴ... ጥያቄው አልገባዎትም መሰለኝ። ዘመድ የለዎትም፣ አይደል?»

«ገብቶኛል የኔ ልጅ። እያለኝ የለኝም ልበል? ደረጀ ይባላል። ያለው እዚያ ነው።»

አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ። ሰውየው የእሷን ማመልከቻ ከሌሎቹ ለይተው ወደ ጎን አደረጉት። በቃ... ይኸው ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ጓድ አልማዝ እስከ ደብረ ዘይት ተቆጡ። «አንዲት ቃል! አንዲት ቃል አቃተዎት? አሁን እኔን ምን ይሉኛል?» እማዬ በመስኮት ታያለች። ሞጆን ስናልፍ ነው የተነፈሰችው።

«አልማዝ፣ ሲሄድ ‹ለአገርህ አፈር ያብቃህ› ብዬ መርቄው ነበር። ምርቃቴ አልያዘለትም። ደግሞ አሁን አላውቀውም ልበል?»



ናዝሬት መናኸሪያ ስንወርድ ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራውን ፊታችን ላይ በተነው። ጓድ አልማዝ ዓይናቸውን ጠራረጉ። ቆም ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱና የፓውደር ቆርቆሮ አወጡ። ክዳኑን ከፍተው ፓውደራቸውን መሬት ላይ ገለበጡት።

«ከግቢያችሁ አፈር ይሙሉልኝ» አሉ። «የኛ አቧራ እንደሆነ አመድ ነው የሚመስለው። ሻንጣዬ ውስጥ ሆኖ ማን ከፓውደር ይለየዋል?»

እማዬ አፍጥጣ አየቻቸው። «መቃብሩን ባያሳዩሽስ?»

«ካላሳዩኝ በመስኮት እበትነዋለሁ። የናዝሬት አቧራ የማይገባበት ቤት አይተው ያውቃሉ?»

እማዬ መንገድ መሃል አቀፈቻቸው።

ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ እማዬ ደረጀ የተከለው ፓፓያ ሥር ተንበርክካ አፈሩን በወንፊት ትነፋለች። «ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ጠጠር እንዳይቆረቁረው ብዬ» አለችኝ።

ቆርቆሮውን ይዤ ቆምኩላት፤ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ክፍል የገባሁት ለዚህ ነው። ያ አፈር ካርታው ላይ ጣቴ የቆመበትን ባሕር ሊሻገር ነው...

በአፈር እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።