ሙሾ ላይ ማጨብጨብ

ካልጋሪ ከተማ፣ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ስሠራ ያልቀመስኩት ዱላ የለም። ተነክሻለሁ፣ ተቧጭሬያለሁ፣ ሙቅ ሾርባ ፊቴ ላይ ተደፍቶብኛል። ከሁሉም የሚብሱት ግን ከካውካሰስ ተራሮች የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ ቃሉን ባያውቁትም ቀና የሚሉት ለሱ ብቻ ነው። አለቃችን ነርሷ፣ እማማ ደግመው ሰው ከመቱ በሩ ወደሚቆለፈው ክፍል እንደምታዛውራቸው ነግራናለች። እዚያ የገባ ሰው በመድኃኒት ደንዝዞ ነው የሚውለው።

አንድ እሑድ ልጃቸው ስፒከር ይዞ መጣ። እዚሁ ካልጋሪ ያደገ፣ ደግ ሰው ነው። አንድ የሩሲያ የሙዚቃ ደራሲ እናቱ አገር ድረስ ሄዶ የመንደሩን ዜማ እንደሰበሰበና ለትልቅ ኦርኬስትራ እንደጻፈው ነገረኝ፤ ያረጋጋቸዋል ብሎ ከፈተው። መጀመሪያ ዋሽንት ብቻ ነበር። እማማ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ከበሮው ገባ፣ ቫዮሊኖቹ ተከተሉት፣ ያው ዜማ ፈጥኖ ጭፈራ ሆነ። ልጅየው በእግሩ ወለሉን እየመታ ያጨበጭብ ጀመር።

እማማ ብድግ ብለው በጥፊ አጮሉት። መነጽሩ በርሮ ግድግዳ ላይ ተሰበረ። ወዲያው ወደ ራሳቸው ዞሩ፤ ደረታቸውን በጡጫ ይደቃሉ፣ ጉንጫቸውን በጥፍራቸው ይተለትላሉ። እጃቸውን ልይዝ ስታገል ክርናቸው አፌ ላይ አረፈና ከንፈሬ ተሰነጠቀ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት በዞረበት ያልዞርኩ ሰው ነኝ። እጄን አነሳሁ። ልመታቸው ነበር።

ያስቆመኝ አመታታቸው ነው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከበሮውን ትተው ዋሽንቱ የጀመረውን ዘገምተኛ ዜማ ነበር የሚከተሉት። ወሎ እያለን ወንድሟ የሞተ ጊዜ እናቴ፣ ሼኹ ሐራም ነው እያሏት፣ ልክ እንዲህ ደረቷን ስትደቃ አይቻለሁ።

«ወንድሜን ስንቀብር ያለቀስንበት ዜማ ነው» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ለምን ይጨፍሩበታል?»

ስፒከሩን አጠፋሁት።

ነርሷ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። አገጬ ላይ ያለውን ደም አየችና መቱሽ ወይ አለችኝ። ልጅየው የተሰበረ መነጽሩን ይዞ መሬት መሬት ያያል። እማማ እኔን እኔን ያያሉ።

«ለቅሶ ላይ ነን» አልኳት። «ከፈለግሽ ግቢና ተቀመጪ።»

እማማ አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅየውም መጥቶ በሌላው በኩል ተቀመጠ። ነርሷ ትንሽ ቆማ አየችንና በሩን ገርበብ አድርጋው ሄደች።