ዶክተር አይታኛለች

ባነሩ የተሰቀለው ከትምህርት ቤቱ በር በላይ ነው። «የቀድሞ ተማሪዎቻችን ለታናናሾቻቸው» ይላል። ከጽሑፉ ሥር አራት ፎቶግራፎች አሉ። ሦስተኛው ፎቶ ሥር «ዶ/ር ሠናይት ነገሳ» ተብሎ ተጽፏል።

ሠናይት ዶክተር አይደለችም። ቀበና ድልድይ አጠገብ ካለች ጠባብ መድኃኒት ቤት ውስጥ መድኃኒት ትሸጣለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያላት የፋርማሲ ዲፕሎማ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትፈተን ለሕክምና የሚያበቃ ነጥብ አላመጣችም። እናቷ ወርቋን ሸጣ በግል ኮሌጅ አስተማረቻት፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ባንኮኒ ኋላ ቆማለች።

ሰፈሩ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ይላል። መርፌ የሚወጋው ዶክተር ነው፣ መነጽር የሚለካው ዶክተር ነው፣ ካራ ሰፈር ላሞች የሚያክመውም ዶክተር ነው። ሠናይት በመጀመሪያው ዓመት የጠራትን ሁሉ ታርም ነበር። «አይ ዶክተርዬ፣ ትሕትናሽ!» እያሉ ይስቁባታል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ዋቅቶላ ጠርቶ መከራት። «ሲጠሩሽ አቤት በይ። ስድብ አይደል።» በሦስተኛው ዓመት ማረሙን ተወችው።

የባነሩን ፎቶ ሐሙስ ዕለት በቴሌግራም ስታይ ወዲያው ደወለች። ስልኩን ያነሡት ጋሽ አባይነህ ናቸው፤ ባዮሎጂ ያስተማሯት፣ አሁን የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር የሆኑት።

«ቲቸር፣ ስሕተት አለ። እኔ እኮ ዶክተር አይደለሁም።»

«ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራሽ?»

«ዶክተር። ግን እሱ...»

«እኔም ሰፈሩን ጠይቄ ነው ያጻፍኩት። አሁን ታትሟል ልጄ። ልጆቹ ደግሞ ተስፋ ይፈልጋሉ። አምና ከእኛ ስንት ተማሪ እንዳለፈ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አትጠይቂኝ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ እንዳታረፍጂ።»

ከባነሩ ይልቅ እንቅልፍ የነሣት ግን ዙሌካ ናት።

ዙሌካ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ አላት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ አራተኛ ልጇ። ባሏ የሐዋሳን መስመር በጭነት መኪና ይመላለሳል፤ ቤት የሚያድረው በወር ሁለቴ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዙሌካ ግንባሯን ይዛ አስፋልቱን ተሻገረችና ፓናዶል ጠየቀች። ሠናይት እግሯን አየች። የነጠላ ጫማው ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። አስቀምጣ ግፊቷን ለካችው። መቶ ሃምሳ በመቶ።

«ዙልዬ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

«ክትትሌ እኮ የሚመጣው ሳምንት ነው።»

«አትጠብቂ። ይሄ ግፊት ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም።»

«ሱቁን ለማን ልተወው? ደግሞ አንቺ አየሽኝ አይደል እንዴ? አንድ ዶክተር ያየውን ሌላው ምን ሊጨምርበት ነው?»

ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ «እውነቷን ነው፣ የጤና ጣቢያው ወረፋ ራሱ ያሳምማል» አለች። ተሳሳቁ።

ሠናይት በዚያች ሰዓት መናገር የነበረባት ሦስት ቃል ነው። አልተናገረችም። «ግድ የለም፣ ነገ ጠዋት ግን ሂጂ» ብላ ፓናዶሉን ሰጠቻት።

ረቡዕ ከባንኮኒዋ ሆና በእጇ «ሄድሽ?» አለቻት። ዙሌካ በእጇ «ነገ» አለች። ሐሙስም ያው። ዓርብ ሱቁ አልተከፈተም። ሠናይት ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ቤቷ ከወንዙ ማዶ መሆኑን እንጂ የቱ እንደሆነ አታውቀውም።

ቅዳሜ ጠዋትም ሱቁ ዝግ ነው። ሠናይት ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወጣው ታክሲ ተሳፈረች። አንድ ተስፋ ነበራት። የዙሌካ ትልቅ ልጅ ረውዳ እዚያው ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። እሷን አግኝታ ትጠይቃለች።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች በፕላስቲክ ወንበር ታጭቀዋል። ሠናይት መድረክ ላይ ተቀምጣ ፊቶቹን በየረድፉ ፈተሸች። ረውዳን አጣቻት። አጠገቧ የተቀመጠው ፋኑኤል ነው፤ የክፍሏ ልጅ የነበረ፣ አሁን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ። ባነሩን በአገጩ እያመለከተ አንሾካሾከ።

«ዶክተር፣ እኔን ወገቤን ያመኛል። ወረፋ ልያዝ?»

«ፋኑ፣ በናትህ ተወኝ።»

«ምነው ላብ በላብ ሆንሽ? ልጆች ናቸው እኮ፣ የፈተና ቦርድ አይደሉም።»

ስትነሣ በመጀመሪያ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፦ «ባነሩ ላይ ስሕተት አለ።» ጋሽ አባይነህ ግን ማይኩን ያዙና «ከእናንተ ወንበር ተነሥታ ዛሬ የሰው ነፍስ የምታድን!» ብለው ጠሯት። ጭብጨባው ሲያበቃ ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር ጠፋባት። ስለ ባዮሎጂ ደብተሯ ተናገረች። መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይወስዱ መከረች። የዋሸችው ነገር የለም። እውነቱንም አልተናገረችም።

የጥያቄ ጊዜ ሆነ። ከኋላ አንድ ልጅ «ዶክተር፣ ደሞዙ ያዋጣል?» ብሎ አሳቃቸው። ቀጥላ በግራ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ ሻርፕ ያሰረች ልጅ ተነሣች። ረውዳ ናት። ፊቷ ሁሉ ፈገግታ ነው።

«ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው። እኔ ዶክተር መሆን የምፈልገው በእሷ ምክንያት ነው። የሱቃችን ጎረቤት ናት። እማዬን የምትከታተላት እሷ ናት። ዛሬ እንኳን አሟት ተኝታ ልቀርልሽ ስላት፣ ‹ዶክተር አይታኛለች፣ ይልቅ ሄደሽ እሷን ስሚ› አለችኝ።»

አጨበጨቡ። ሠናይት ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምኗን ነው ያመማት?»

ረውዳ ፈገግታዋ ቀነሰ። «ራሷን።»

«ዓይኗስ?»

«ብዥ ይልብኛል ትላለች። ብርሃን አስጠላኝ ብላ መጋረጃ ዘግታለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

«ጤና ጣቢያ ሄዳለች?»

«አልሄደችም። አንቺ አይተሻት የለ?»

ጋሽ አባይነህ ከጎን ሆነው «ሠናይት፣ ይህን በኋላ ለብቻችሁ...» አሉ።

«ረውዳ፣ ስሚኝ። እኔ ዶክተር አይደለሁም።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

«አትሳቁ። ባነሩ ተሳስቷል። መድኃኒት ሻጭ ነኝ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። እናትሽን ያያት ዶክተር የለም። ገባሽ? ማንም አላያትም።»

ጋሽ አባይነህ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከመካከል አንዱ «እና ምን ልትመክሪን መጣሽ?» አለ። ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ፋኑኤል ዞረች።

«መኪና ይዘሃል?»

ፋኑኤል ሳይጠይቅ ተነሣ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ረውዳ ከኋላ ወንበር ሆና ደጋግማ ለእናቷ ደወለች። ስልኩ አይነሣም። «ትሞታለች?» አለች። ሠናይት «አላውቅም» አለቻት። እውነቷን ነው። ፋኑኤል ክላክሱን ተጭኖ ቆየ።

ዙሌካ ጨለማው ክፍል ውስጥ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አብጧል። ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጠበብ አደረገች።

«ዶክተርዬ? እቤቴ ድረስ? ረውዳ፣ ምን ብለሽ ነው ያስጨነቅሻት?»

«ተነሺ ዙልዬ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«አንቺ ካለሽ ምን አስኬደኝ?»

«እኔ ዶክተር አይደለሁም።»

«ደግሞ ጀመረሽ።»

«ሆኜ አላውቅም። ረውዳን ጠይቂያት።»

ዙሌካ ልጇን አየች። ረውዳ እያለቀሰች በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ዙሌካ አልተከራከረችም። በሁለቱ ትከሻ ተደግፋ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ያለ ወረፋ አስገባቸው። ነርሷ ግፊቷን ለካች፣ ቁጥሩን አየች፣ እንደገና ለካች። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ። መርፌ ወጋቻትና አምቡላንስ ጠራች። ከዚያ ካርዱን ይዛ መጣች።

«ከዚህ በፊት ተለክታ ታውቃለች?»

«ማክሰኞ» አለች ሠናይት። «መቶ ሃምሳ በመቶ።»

«ማን ለካት?»

«እኔ።»

«ማክሰኞ?» ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ካርዱ ላይ ጻፈችው።

አምቡላንሱ አንድ አስታማሚ ብቻ ይወስዳል፤ ረውዳ ገባች። ቃሬዛው ሲነሣ ዙሌካ የሠናይትን እጅ ያዘች። ሠናይት የምታመሰግናት መሰላት።

«ማክሰኞ ብትነግሪኝ እሄድ ነበር» አለች ዙሌካ። እጇን ለቀቀች።

ልጁ በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ተወለደ። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። ረውዳ በማግሥቱ በቴሌግራም ጻፈች፦ «ሙቀት ክፍል ነው ያለው። እማዬ ግፊቷ ገና አልወረደም።» ቆይታ ደግሞ፦ «አሁን አትምጪ ብላለች።»

ሠናይት ሦስት ቀን ጠበቀች። በአራተኛው ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለችና አቶ ዋቅቶላን አስፈቅዳ ሄደች። የሆስፒታሉ ዘበኛ ለማን እንደመጣች ጠየቃት።

«ለዙሌካ። ከወለዱት ክፍል።»

«ምኗ ነሽ?»

«ጎረቤቷ።»

«ማንም እንዳይገባ ብላለች። ከባሏና ከልጇ በቀር።»

«ሠናይት ናት በላት።»

ዘበኛው ወደ ክፍሉ ሊደውል ስልኩን አነሣ። ሠናይት ከበሩ ውጭ፣ ከሌሎቹ ጠያቂዎች ጋር ቆማ ፊቱን ታየው ጀመር።