በአንድ እግሩ የቆመው ሰውዬ

አባቴ ካርዱን ያገኙት ሶፋው ሥር ነው። መነጽራቸው ወድቆባቸው ሲዳብሱ እጃቸው ላይ ወጣ። ከሥራ ስገባ፣ በጸሎት ጥጋቸው ከእመቤታችን ሥዕል ጎን አቁመውት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ይሰግዳሉ።

«ጻድቁ ናቸው» አሉኝ። «በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት። የፈረንጅ ሥራ ስለሆነ ክንፋቸውን ረስቶታል፤ እጃቸውንም ወደ ኋላ ደብቆታል። ብርሃናቸውን ግን አልነፈጋቸውም።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀይ ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ አንድ እግሩን አጥፎ በሌላው ቆሟል፤ ራሱን ቢጫ ብርሃን ከቦታል። ከበላዩ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግን ተዘቅዝቋል። አንገቴን አጣምሜ ሳነበው «የተሰቀለው ሰው» ይላል። ክው አልኩ። ልጄ ታሮት የምትለው፣ ፈረንጆች ዕጣ ፈንታቸውን የሚያዩበት ካርታ ነው። አባባ የሚሰግዱት ለጥንቆላ ነው፤ ያውም ተገልብጦ።

ያኔውኑ ለምን አልነገርኳቸውም? ልጄ ዩኒቨርሲቲውን ካቋረጠች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ቀኑን ሙሉ ክፍሏን ዘግታ ካርታ ትደረድራለች። ለአባባ «በኮምፒውተር ነው የምትማረው» ብያቸዋለሁ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወደ ቶሮንቶ የመጡትም የልጅ ልጃቸው ስትመረቅ ሊያዩ ነው። ካርታው የማን ነው ብለው ከጠየቁ ሌላውም መከተሉ አይቀርም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ዝም ማለት አይሆንልኝምና ለእሳቸው የዋጥኩትን ልጄ ላይ አወጣሁት። ከሥራ በገባሁ ቁጥር በሯን አንኳኩቼ «መቼ ነው የምትመለሺው?» እላታለሁ።

«አይ ዶንት ኖው፣ ማም።»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ...» ብዬ ስጀምር እሷ ሄድፎኗን ታጠልቃለች። ቁጣ ይምሰል እንጂ ፍርሃት ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠች የምትቀር መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳሎን ብቅ አለች። «ማም፣ አንድ ካርዴ ሚሲንግ ነው። አይተሽዋል?»

ሳልመልስላት ዓይኗ የአባባ ጸሎት ጥግ ላይ አረፈ። በሳቅ ፈነዳች። ጥርሷን ካየሁ ሰንብቼ ስለነበር ያዘጋጀሁት ቁጣ ጠፋኝ።

«አባባ፣ ሴይንት አይደለም እኮ» አለቻቸው። ዝም እንድትል ብጠቅሳትም አላየችኝም። አንስታ ገለበጠችው። «ታሮት ካርድ ነው። ሰውዬው ተንጠልጥሏል።»

አባባ አማተቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ካርዱን ከእጇ ተቀበሉና ትክ ብለው አዩት። «ተሰቅሎ ታዲያ ፊቱ ለምን አልጠቆረም?»

«ፓኒሽመንት አይደለማ። ፈልጎ ነው የተሰቀለው። እየጠበቀ ነው።»

«ምን?»

«ገና አያውቅም።» ድምጿ ቀነሰ። «እስኪገባው ድረስ ሁሉንም ነገር ገልብጦ እያየ ነው። ካርዱ ሲወጣልህ... ሶሪ፣ ሲወጣልዎት፣ አትቸኩል ማለት ነው። የተሰቀለበትን እንጨት ደግሞ ይዩት፤ ደረቅ አይደለም፣ ቅጠል አለው።»

«መቼ» እያልኩ ስጨቀጭቃት የከረምኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን የሰጠችው ግን ለእሳቸው ነው። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

አባባ ካርዱን መለሱላት። «በይ ውሰጂው፤ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ጉድ ይፈላል። እኔ ሳላውቅ ነው የጸለይኩበት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ምን ብለው ጸለዩ?»

«ስለ አንቺ ነዋ። ከቤት ሳትወጪ ስንት ጊዜሽ! ጻድቁ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ እግራቸው ከቆሙ፣ ይቺን ልጅ በሁለት እግሯ አቁምልኝ አልኩት እግዜርን።»

እኔ አፈርኩ። ለካ የሚያውቁትን ነበር የምደብቃቸው። ኩሽና ገብቼ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠብኩ።

ከሰዓት በኋላ አባባ እንደልማዳቸው ባቡር ሲያልፍ ሊያዩ ወደ ዌስተን ጣቢያ ለመውጣት ካፖርታቸውን ሲደርቡ፣ ልጄ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ አብሬዎት ልምጣ?»

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ያቺ «መቼ» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት።

«ኮፍያ አድርጊ» አልኳት፤ «ውጭ ብርድ ነው።»