መርዶ ነጋሪው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ቄስ ሳይጠራ፣ ድንኳን ሳይተከል፣ መጀመሪያ የሚጠሩት ጋሽ ወልደጻድቅ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ምድር ባቡር ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። የሚታወቁት ግን በመርዶ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሞት የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም።

መርዶ ደንብ አለው። የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ግራና ቀኝ የሚይዙ ብርቱ ሰዎች አስቀድመው ይመረጣሉ። ሐዘንተኛው ማታ እራቱን መብላቱ ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚበላ አይታወቅማ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እናት ከማይሆን አፍ እንዳትሰማ ሰፈሩ በሙሉ አፉን ይዘጋል። ልጅ አዋቂው እያወቀ ይስቅላታል፣ ሰላም ይላታል። እኔ እንደዚህ ያለ ደግ ውሸት ሌላ አላውቅም።

የዝናሽ ልጅ ሰይፈ ሚካኤል ግንባር ላይ መሞቱን ጓደኛው ደውሎ የነገረው ለእሳቸው ነው። ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሲሰፋ ቆይቶ ከዘመተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዝናሽ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የትምህርት ቤቱን ባንዲራ ቤቷ ወስዳ በገዛ ሳሙናዋ ታጥባለች፣ የተተረተረ ጠርዙን ትጠቅማለች፣ ሰኞ ከመሰቀሉ በፊት ትመልሳለች። ማንም እጠቢ ብሎ አላዘዛትም። ለምን እንደምትደክም ሲጠይቋት፣ «የድሬ አቧራ መች ያዝንለታል?» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው ንግግሯ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ቀን ቆረጡ፤ እሑድ ንጋት። ጅቡቲ የምትሠራው የዝናሽ ልጅ ስምረት ቅዳሜ ማታ ገብታ ሻሚስ ቤት ትደበቃለች። ሻሚስ ታይዋን ገበያ ልብስ የምትነግድ ሶማሌ ናት፤ ከዝናሽ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረዋል። ዝናሽን የምትይዘው እሷ ናት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ አቦ» አለቻቸው። «ጠዋት ጠዋት ‹ሰይፉ ደወለ?› እያልኩ እጠይቃታለሁ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ቻይው» አሏት።

በዚያው ቀን፣ ሐሙስ፣ ዝናሽ የጥሪ ካርድ ይዛ እየሳቀች መጣች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ቅዳሜ የምርጫ ቅስቀሳው ላይ ከወታደር እናቶች ጋር ፊት ወንበር ትቀመጫለሽ አሉኝ። በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ሰባት ሳምንት አልደወለልኝም እኮ፤ ኔትወርክ የለም ይላሉ። ቴሌቪዥን ካላቸው ግን ያየኛል፣ አይደል?»

ጋሽ ወልደጻድቅ ካርዱን ገለባብጠው አይተው «ደስ ይላል» ብለው መለሱላት። ከሺህ ሰው መሀል አንዱ ነፍስ ይማር ቢላትስ? እሷ ከዓይናቸው እንደራቀች ከዘራቸውን አንስተው ወደ ቅስቀሳው ቢሮ ገሰገሱ።

የቅስቀሳው አስተባባሪ ዳጊ የሰፈር ልጅ ነው። ደረቱ ላይ የባንዲራ ፒን፣ አንጓው ላይ የባንዲራ አምባር፣ ከጀርባው ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ባንዲራ። ሲያያቸው ብድግ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። የአባቱን መርዶ የነገሩት እሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት ደረታቸው ላይ ተደፍቶ ሸሚዛቸውን በእንባ አርሶታል።

«ዝናሽን ከዝርዝሩ አውጣልኝ።»

«ለምን ጋሼ? ተቀየሙን እንዴ?»

ሌላ ሰበብ ፈለጉ፤ አጡ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነቱን ነገሩት። ዳጊ ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህንን አልክድበትም።

«ብትቀር እኮ ትጠረጥራለች» አለ። «ትምጣ፣ ትቀመጥ፣ ደስ ብሏት ትሂድ። አንድም ሰው ትንፍሽ አይልም። የአባቴን መርዶ የነገሩኝ እርስዎ አይደሉ? በዚች ባንዲራ!» ብሎ ፒኑን ነካ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ባንዲራ ሲሰቀል ካዩ መንገድ መሀልም ቢሆን ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰው ናቸው። ባንዲራ ነክቶ የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብለው አያስቡም። እኛ ስንቱን አይተናል፤ እሳቸው ግን አመኑና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። ዝናሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ካሜራው በዞረ ቁጥር ነጠላዋን ታስተካክላለች። ጋሽ ወልደጻድቅ ከዳር ቆመው እሷን እሷን ያያሉ። ዕጩው ስለ ሀገር ፍቅር ብዙ ጮኸ፤ ሕዝቡ ፀሐዩ በርትቶበት መነቃነቅ ጀመረ። ያኔ ዳጊ ሮጦ ወጥቶ ለመድረክ መሪው ወረቀት አቀበለው።

«ዝናሽ የምትባል እናት ወደ መድረክ!»

ደነገጠች፣ ሳቀች፣ ወጣች። ትከሻዋ ላይ አዲስ ባንዲራ ጣሉባት፤ የማሸጊያው እጥፋት ገና አልለቀቀውም። ጋሽ ወልደጻድቅ ሰዉን በከዘራቸው እየገፉ ወደ መድረኩ ለመድረስ ታገሉ። አልደረሱም።

«ልጇ ጀግናው ሰይፈ ሚካኤል ለባንዲራችን ወድቋል! ደሙ ከንቱ እንዳይቀር ድምፃችሁን ለእኛ!»

ሜዳው በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ዝናሽም አጨበጨበች። አዎ፣ አጨበጨበች፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አብራ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ እጆቿ አየር ላይ ቆሙ። ወደ ዕጩው ዞራ «ማን?» ስትለው ማይክራፎኑ ድምጿን ለሜዳው ሁሉ አሰማው። ከዚያ ወደቀች፤ ካሜራ ሁሉ እንደ ዝንብ አናቷ ላይ ተሰበሰበ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሲደርሱ ዳጊ አጎንብሶ ባንዲራውን ከስሯ እየጎተተ ነበር።

«ይቅርታ እማማ፣ ከሰዓት ዋሂል ከተማ ሌላ መድረክ አለብን።»

«በባንዲራ ማልክልኝ!» ብለው ክንዱን ጨበጡት።

«አከበርኳት እንጂ ሰደብኳት እንዴ ጋሼ? ነገ ሊነግሯት አልነበር?» ባንዲራውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሄደ።

እሑድ ንጋት ጋሽ ወልደጻድቅ ሽማግሌዎች አስከትለው የዝናሽን በር አንኳኩ፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር የላቸውም። ዝናሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሻሚስና ስምረት ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ድምጿ ተዘግቷል።

«ይንገሩኝ ጋሽ ወልዴ» አለች። «እንደ ደንቡ ይንገሩኝ። እኔ ትናንት የሰማሁት ጭብጨባ ነው።»

ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ሠላሳ ዓመት የኖሩበት ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ።

«ማን ነገራቸው?» አለች ዝናሽ።

በሐዘንተኛ ደጃፍ ዋሽተው አያውቁም። «እኔ ነኝ» አሉ። «እንዳይናገሩ ብዬ…»

ዝናሽ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ከእኔ በፊት ለእነሱ?»

ከዚያ ወዲህ ከዚራ ሰው ሲሞት የሚላከው ሌላ ነው። ጋሽ ወልደጻድቅ በማለዳ አንድ ደጃፍ ካለፉ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዝናሽ መድረክ ላይ «ማን?» ስትል አፏን የከፈተችበት ፎቶ በትልቁ ታትሞ እሷ የምትጠርገው ትምህርት ቤት አጥር ላይ ሳይቀር ተለጥፏል፤ ከሥሩ የዕጩው ስም አለ። እሷ ከሥሩ ትጠርጋለች።

ባንዲራውን ማጠብ ግን አልተወችም። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ግቢዋ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። ጋሽ ወልደጻድቅ በዚያ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንደምን ዋልሽ ዝናሽ» ይላሉ። ጠርዙን እየጠቀመች ናት፤ ቀና አትልም።