የትራክተር ማርሚታ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ከተማው ውስጥ የነበሩት መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የቢሮዎቹ፣ የእርዳታ ድርጅቶቹ፣ የነጋዴዎቹ የጭነት መኪኖችና የእኔዋ። ከሁሉም የማትረባው የእኔዋ ነበረች። ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ለአስፋልትና ለሩጫ የተሠራች የፈረንጅ መኪና ናት። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የግብርና ባለሙያ ስገዛት ዕድሜዋ ወደ ሃያ ዓመት ሳይጠጋ አይቀርም። ድሮ ቀይ ነበረች፤ እኔ እጅ ስትገባ ፀሐያችን የበሰለ ማንጎ አስመስሏታል። ጭቃና አቧራ በሚፈራረቁበት ከተማ እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛው ምን ዓይነት ሰው ነው ለሚል መልሱን እነግረዋለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ክልሉ ሲቋቋም ቢሮዎች ተከፈቱ፤ የበራቸው ሰሌዳ ቀለም ሳይደርቅ የተማረ ሰው ይፈለግ ጀመር። አብረውኝ ጠመኔ ይዘው የቆሙ ሰዎች አንድ በአንድ ኃላፊ ሆኑ፤ ሾፌር ተመደበላቸው። እኔን የጠራኝ የለም። ምላስህ ስለማያርፍ ነው የሚሉኝ ነበሩ፤ እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ቀረብኝ ብዬ ዝም ማለት ሲገባኝ ቀይ መኪና ገዛሁ። ኃላፊዎቹ በሾፌር ሲሄዱ ራሴ እየነዳሁ እቀድማቸውና አቧራ አለብሳቸው ነበር። ልጅነት ነው እንዳልል ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።

ከቤተሰቤ መኪናዋን የወደደቻት እናቴ ብቻ ናት። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ለታይታ የሚመስል ነገር ሁሉ አይጥመውም። እኔ ለብቻዬ ቤት ተከራይቼ እኖር ስለነበር ማታ ማታ ወደ እነሱ ስመጣ እናቴ ገና ከሩቅ የሞተሩን ድምፅ ትለየዋለች፤ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጉልበቷ አገጯ ሊነካ ደርሶ ትቀመጥና ወደ ባሮ ዳር እወስዳታለሁ። «መሬት ላይ ተቀምጬ መሬቱ ራሱ የሚሄድ ይመስለኛል» እያለች ትስቅ ነበር። በቤታችን የምንነጋገረው በአኝዋክኛ ነው፤ የተባለውን ሁሉ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እናቴ በዚያው ዓመት ታመመች። ጉበት ነው ተባለ። ሆስፒታሉ ጥቂት ቀን አስተኝቶ ቤቷ ትረፍ ብሎ መለሳት፤ አልጋዋ በሩ አጠገብ ተዘረጋላት።

በዚያው ሰሞን የመኪናዋ ማርሚታ በዝገት ተበሳሳ። ማርሚታ የምለው የሞተሩን ጭስ ወደ ኋላ የሚያወጣውን ቱቦና ድምፁን የሚያፍነውን ጣሳ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀዳዳውን ያስደፍናል። እኔ ግን ፊዚክስ ነው የማስተምረው። የሞተር ትንፋሽ በጠባብ ቱቦ ከታነቀ ጉልበት ያጣል፤ ሰፊና ቀጥ ያለ ቱቦ ከገባለት ይፈጥናል። ይህን ሰሌዳ ላይ ሥዬ ለአሥራ አንደኛ ክፍሎች ሳይቀር አስረድቻለሁ፤ ፈተና ላይ እንደማይመጣ ስለሚያውቁ ማንም አልጻፈውም።

ከተማው ውስጥ መብራት የሚመጣው ማምሻውን ብቻ ስለሆነ ደህና ብየዳ የሚገኘው አቦቦ ነበር። እዚያ የእርሻ ልማቱን ትራክተሮች ሲበይዱ የኖሩ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ አንድ ጋሼ አሉ። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዘንድ ገባሁ። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ልቅር እንዴ አልኳት። እውነቱን ለመናገር እንድትከለክለኝ አልፈለግሁም። «ሂድ» አለችኝ፤ «ስትመለስ እሰማሃለሁ።» በስምንት ሰዓት እደርሳለሁ ብያት ወጣሁ።

ጋሼ ኢታንግ ከነበረው የስደተኞች ካምፕ የተረፈ የውሃ ቱቦ ነበራቸው፤ ወፍራም፣ ዚንክ የተቀባ። ያሰብኩትን ስነግራቸው ቱቦውን አገላብጠው አዩና «መምህር፣ ይሄ እኮ ይጮሃል» አሉኝ። እኔም ስለ ትንፋሽና ስለ ጉልበት አስተማርኳቸው። እስክጨርስ ጠብቀው «እሺ፣ ይጮሃል ነው ያልኩት» አሉና ሥራ ጀመሩ። ዚንኩ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣዋል፤ ደረት ይይዛል ብለው በየመሃሉ አንድ ኩባያ ወተት ይጠጣሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

እኔ ግን የቱቦውን ጫፍ አየሁት። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የውሃ ቱቦ ነው። አንድ መጽሔት ላይ ያየኋት የሩጫ መኪና ጫፉ ሰያፍ ነበር። ጋሼ፣ እንደዚህ ሰያፍ ይሁንልኝ አልኳቸው።

«ጭሱ እንደሆነ በሰያፉም በቀጡም መውጣቱ አይቀርም» አሉ። ሙጭጭ አልኩባቸው። ቱቦው ወፍራም ስለሆነ መጋዙ ቶሎ አይበላውም፤ ተቆርጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት አለፈ። አጠገባቸው ቆሜ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እያልኩ ሳዝ ነበር።

መንገዱን ሁሉ መኪናዋ እንዳገሣች ነው የመጣሁት። ደስ ብሎኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ደጃችን ስደርስ እናቴ እንድትሰማኝ ብዬ ቆም አልኩና ነዳጁን ሁለት ሦስቴ ረገጥኩት። አጥሩ ውስጥ ከማንጎው ሥር ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ጸሎቱን የሚመራው አባቴ ነበር። የመኪናዬን ድምፅ ሲሰማ መሃል ላይ አቋረጠ። ቀና ብሎ መኪናዋን አያት፣ ከዚያ ዞር ብሎ ቤቱን አየ፤ ቀጥሎ ምን ይል እንደነበር የጠፋው መሰለኝ። ሌላ ሽማግሌ ተቀብሎ ጨረሰለት። እናቴ ካረፈች አንድ ሰዓት እንኳ አልሆናትም ነበር።

አባቴ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ብቻ መኪናዋ ውስጥ አይገባም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናቴ ወደተቀበረችበት ከከተማው ወጣ ወዳለው ቦታ በእግሩ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ደግሞ ያብጣል። ላድርስህ ስለው «እግር አለኝ» ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ደጅ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ ነው የማልፈው። የመኪናዋ ድምፅ ሲሰማ ወደ እኔ አያይም። ፊቱን ወደ ቤቱ በር ያዞራል፤ እስካልፍ ድረስ እንደዞረ ነው። በየቀኑ እንዲሁ።

ናቀኝ ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ሆኖ ስንት ጊዜ ይኖራል ብዬም ተናደድኩ። ሆን ብዬ ደጁ ስደርስ ነዳጅ ረግጬ ያለፍኩባቸው ቀናት ነበሩ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ክረምት ገባ። ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ያለው ወንዝ ሞላ፤ የአባቴም ጉልበት ጭራሽ እምቢ አለ። አንድ እሑድ ሳልፍ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደለበሰ፣ ጫማውን እንዳሠረ ደጁ ተቀምጦ አየሁት። ሰዓቱ ወደ እሷ የሚሄድበት ሰዓት ነበር። የትም አልሄደም። ቁጣዬ እዚያው ወጣልኝ። ከዚያ በኋላ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋ ውስጥ ገብቶልኝ እናቴ ዘንድ ላደርሰው። መኪናዋን የጠላት ስለ ጩኸቷ ነው ብዬ ዝም ላሰኛት ቆረጥኩ።

አቦቦ ወስጄ «ጋሼ፣ ድምፅዋ ይጥፋልኝ» አልኳቸው። ትንሽ ፈገግ አሉ። ፈተና ነበረብኝና ትቻት በጭነት መኪና ተመለስኩ። በሳምንቱ ስሄድ ክው አልኩ። ከጋቢናው ቀኝ፣ የፊት ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ ክብ ሆኖ ተቀዶ የትራክተር ማርሚታ ቆሞበታል። ወፍራም፣ ጥቁር፣ ከጣራዋ በላይ የወጣ። ጫፉ ላይ ዝናብ እንዳይገባበት ትንሽ ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲነሳ ክዳኑ በጭሱ እየተነሳ እየወደቀ ቀጭ ቀጭ ይላል።

የምናገረው ጠፋኝ፤ ሲመለስልኝ ደግሞ በዛ። የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ ገበሬ አይደለሁም፣ ይቺ የሩጫ መኪና ናት፣ በሕዝብ ፊት ሊያዋርዱኝ ነው አልኩ። ጋሼ ወተታቸውን እየጠጡ አዳመጡኝ።

«ጨረስክ፣ መምህር?»

«ጨርሻለሁ።»

«ከሥር እንዳላስገባው ሆዷ መሬት ነው፤ ያ ቱቦህም በድንጋይ ተፍቆ አልቋል። ደግሞ ክረምት ነው፣ ውሃ ትሻገራለህ። ዝም ትበል አልከኝ፣ ዝም አለች። ስለ መልኳ ያዘዝከኝ ነገር አልነበረም።»

አስነሷት። እውነት ነው፣ ከክዳኑ ቀጭ ቀጭታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበራትም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማርሚታውን እንዲያነሱልኝ ተቀጣጥረን ወጣሁ።

ያን ሳምንት አባቴ እንዳያየኝ በሌላ መንገድ ዞሬ ብሄድም፣ ሌላው ሰው ያልሳቀብኝ የለም። ተማሪዎቼ ማረሻው መቼ ይመጣል ይሉኛል። ኃላፊ የሆነ አንድ የድሮ ባልደረባዬ መኪናውን አስቁሞ፣ በመስኮት ብቅ ብሎ «ስንት ሄክታር ያዝክ?» አለኝ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሳልሳለቅ አላልፍም ነበር። ቅዳሜ እየቀረበ ስለሆነ ቻልኩት። ቅዳሜ ግን ከባድ ዝናብ ጣለና የአቦቦ መንገድ ተዘጋ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በአባቴ ደጅ አለፍኩ። ያንኑ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል። ፊቱን አላዞረም። ቀጥታ ወደ እኔ እያየ ነው፤ ለካ መኪናዋን አላወቃትም። አጠገቡ ስቆም ተነስቶ መጣ። ቱቦውን ከታች እስከ ላይ አየው።

«ያቺ ናት?»

«ናት።»

ቆሞ ክዳኑን ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው በሩን ከፍቶ፣ አንድ እጁን ጣራዋ ላይ ተደግፎ ገባ። ጉልበቱ አገጩ ሊነካ ደረሰ። «ወደ እናትህ» አለኝ።

ወንዙ በሮቹ ወገብ ድረስ ነበር። የጤና ቢሮው መኪና ሳይቀር ዳር ቆሞ ውሃው እስኪቀንስ ይጠብቃል። አባቴ ውሃውን አይቶ ጫማውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብዬ ገባሁ። ውሃ ከሥር እየገባ እግራችንን አራሰው፤ ማርሚታው ግን ከላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ወጣን፤ አባቴ ጫማውን መልሶ አደረገ። የጤና ቢሮው ሾፌር ምን እንዳለ አልሰማሁም።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። አባቴ አልወረደም። መቃብሩ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ ይታያል። ሞተሩን ላጠፋ ስል በእጁ ከለከለኝ።

«ያን ቀን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በሩ እንዳይዘጋ አለች» አለኝ። «መኪና ባለፈ ቁጥር ታዳምጣለች። አይደለም ትላለች። አንድ አለፈ፣ አይደለም አለች። ሌላ አለፈ፣ አይደለም አለች። ስምንት ሰዓት ሆነ። ከዚያ ማዳመጡን ተወችው።»

መቃብሩን አየሁት።

«ጸሎት ላይ ሳለን ድምፅህ መጣ። ዞር ብዬ መጣልሽ ልላት ነበር።» ጉልበቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገው። «ከዚያ በኋላም ባለፍክ ቁጥር እዞራለሁ። መጣልሽ ልላት። ዞሬ አልጋውን አየዋለሁ። ደከመኝ።»

ነዳጅ ረግጬ ያለፍኩባቸው ቀናት ሁሉ መጡብኝ። ስለ ቱቦው ጫፍ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ያኔ ነገርኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ሥራው አልቆ እንደነበር፣ ሰያፍ ይሁንልኝ ብዬ አንድ ሰዓት እንደቆምኩ፣ ባልቆም ኖሮ በስምንት እደርስ እንደነበር። ስጨርስ እያለቀስኩ ነበር።

ክዳኑ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ሂድ ያለችህ እሷ ናት» አለኝ አባቴ በመጨረሻ፤ «እኔም አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ውሃው ሳይጨምር እንመለስ አለ። ማርሚታውን አላስነሳሁትም፤ መኪናዋን እስክሸጣት ድረስ በዚያው ነው የነዳኋት። ወንዙ ጋ ልንደርስ ስንል አባቴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ «ያንተንም ስጠኝ» ብሎ ሁለቱንም ጭኑ ላይ ያዘልኝ።