መጥለቅና መውረድ

የእህቴ ባል ታውራኪ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሳንባው ሳያስበው ይከዳዋል አሉ። እኛ የማኒሂኪ ደሴት ሰዎች ይህን በምን እናውቃለን? እሱ ሉል አርቢ ነው፤ ሉል የሚያፈሩት ዛጎሎች የተንጠለጠሉበትን ገመድ ለማየት ከልጅነቱ ጀምሮ ትንፋሹን ይዞ ባሕር ይገባል። ሲጋራ ደግሞ ነፍሱ ነው።

አንድ ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን ቀኝ ጎኑን ወጋው። «ውጋት ነው» ብለን በኮኮናት ዘይት አሸነው። በማግስቱ መተንፈስ አቃተው። ነርሷ ንጋሜቱዋ ደረቱን ስታዳምጥ ፊቷ ተለዋወጠ፤ በቀኝ በኩል ምንም አይሰማም። ከሳንባው የሾለከ አየር ደረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባውን አጨማዶታል። አየሩን በቱቦ ሳታስወጣ አውሮፕላን ላይ ብንጭነው ኖሮ ሰማይ ላይ ይሞትብን ነበር።

ትልቁ ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ራሮቶንጋ ደሴት ሲደርስ ሳንባው መልሶ ተነፋ። ሐኪሙ ግን እቅጩን ነገረው፤ ይህ በሽታ ያገረሻል፣ ቀዶ ጥገና ይሻልሃል፣ ሲጋራ ይቅር፣ መጥለቅ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞትህ የለም። ታውራኪ ቢላውን ፈራ። ለሌላው ሁሉ «እሺ» ብሎ መጣ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ደሴት «መጥለቅ» የሚባለው የአየር ጋን፣ ያንን የብረት ሲሊንደር፣ በጀርባ ተሸክሞ ሲገባ ነው። ትንፋሽን ብቻ ይዞ በባዶ ደረት ሲሆን «መውረድ» እንላለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ እሱ ሐኪሙን መልሶ አልጠየቀም።

እህቴ ቴፓኤሩ የባሕር መነጽሩን ሲያነሳ ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«አትጥለቅ።»

«ታዲያ የት ልትሄድ ነው?»

«ልወርድ ነዋ! ጋን ተሸክሜ አየሽኝ?»

«ሳንባህ ስሙን ጠይቆ ነው የሚፈነዳው?»

«ኧረ ተይኝ፣ ሳልሞት አታልቅሺብኝ!»

የምሩን ይሁን እያላገጠ እስከ ዛሬ አላውቅም። እየሳቀ ሄደ። እናደድበታለሁ፣ አሁንም።

ከውኃው ብቅ ሲል ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አንገቱ አብጦ ነበር። ጎረቤቶቹ በጀልባ ወደብ እስኪያደርሱት ትንፋሹ ቆሟል። ንጋሜቱዋ ተንበርክካ መርፌ ደረቱ ላይ ሰካች። አየሩ በመርፌው በኩል እየተንሿሿ ወጣ።

ቴፓኤሩ ብድግ አለች። «ተነፈሰ! ሰማችሁ? ተነፈሰ እኮ!»

ነርሷ የልብ ምት ስትፈልግበት የነበረውን ጣቷን ከአንገቱ ላይ አንስታ መሬት መሬት ታያለች። እህቴን ማን ይንገራት?