በጉዞ ላይ የተጠየቀ ፈቃድ

የምግብ መኪናዬን ሊመረምሩ የመጡትን ሰዎች በየሰፈራቸው አድርሼ ያለ ፈቃድ ቀረሁ።

መኪናዋ አሮጌ ሚኒባስ ናት። ምድጃ ገጠምኩባት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ተውኩላት፤ ቀለሟ ግን ገና ሰማያዊና ነጭ ነው። በልጅነቴ ረዳት ሆኜ እንዲህ ያለ በር ላይ ተንጠልጥያለሁ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም።

መርማሪዎቹ መገናኛ ጋ የመጡት በሥራ መውጫ ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ገቡ። ሁለቱ ወጣት መርማሪዎች ብድግ ብለው ቦታ ሲለቁላቸው፣ አለቃቸው ናቸው አልኩ። ለሁሉም ሳምቡሳ አደልኩ፤ ለእሳቸው ደረብኩላቸው።

ወዲያው ትራፊክ ፖሊስ መስኮቴን አንኳኳ።

«ያለ ፈቃድ እዚህ መቆም አትችልም።»

«ፈቃድ የሚሰጡኝ እኮ ውስጥ ናቸው።»

«እየሄድክ ይስጡሃ።»

ነዳሁ። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ከጤና ክፍል የመጣው «ወራጅ አለ» አለ። እግሬ ሳላዘው ፍሬን ያዘ።

«ፊርማውስ?» አልኩት።

«እሳቸው እያሉ እኔ አልቀድምም» አለና ወረደ።

ከንግድ ክፍል የመጣውም ሲኤምሲ ላይ ይህንኑ ብሎኝ ወረደ። መቼም ጨዋ ልጆች ናቸው። ወደ እናትየዋ ዞርኩ።

«እማማ፣ እንግዲህ ጉዳዬ በእርስዎ እጅ ነው።»

አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ሳሊተ ምሕረት አውርደኝ፣ ልጄ። ታክሲ ላይ ምግብ መታደል መጀመሩን ግን አልሰማሁም ነበር።»

መኪናዋ ውስጥ የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።